«ኳስ ይችላል» ሲባል



በአማርኛ ስለ ጎበዝ ተጫዋች የሚባለው አጭር ነው፤ «ኳስ ይችላል» ይባላል። መቼ እንደ ቻለ፣ ማን እንዳሳየው፣ ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንዳረመው ቃሉ አይነግርም። ሐኪሙ ተማረ፣ ሹፌሩ ለመደ፣ አናጢው ሙያውን ከጌታው ቀሰመ ይባላል፤ ኳስ ተጫዋቹ ግን በቃ ይችላል። የማይችለውም «ተፈጥሮ የለውም» ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አነጋገሩ የሻይ ቤት ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ችግሩ የምልመላ ዕለት ፍርድ ሆኖ መምጣቱ ነው። ብዙ ልጆች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፣ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይሯሯጣሉ። ከዚያ የጥቂቶቹ ስም ይመዘገባል፣ የቀሩት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በዚያ ግማሽ ሰዓት የታየው ምንድን ነው? ተፈጥሮ ነው? ቀደም ብሎ የተገኘ ልምምድ ነው? ወይስ አንዱ ልጅ ሌላውን በሁለት ዓመት ስለሚበልጠው ነው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ዱራሜ ለሾኔ ጎረቤት ናት።

ሎዛ አበራ በ1990 ዓ.ም. ዱራሜ ተወለደች። ኳስን የጀመረችው ከወንዶች ልጆች ጋር ነው። ገና በአፍላ ዕድሜዋ ሀዋሳ ከተማን ተቀላቀለች፤ ከዚያ ወደ ደደቢት ተሻግራ በሴቶች ፕሪምየር ሊግ ዓመት በዓመት ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ወደ ስዊድኑ ኩንግስባካ ሄዳ ተመለሰች፣ የአዳማ ከተማን ማሊያ ለበሰች። በ2012 የውድድር ዘመን ደግሞ በማልታው ቢርኪርካራ 30 ግብ አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ስትሆን ቡድኗም ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ዲሲ ፓወር አስፈረማት።

ይህን ታሪክ ለተፈጥሮ ወገን ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። «አያችሁ፣ አካዳሚ በሌለበት ከተማ የበቀለች ናት፤ በደሟ ያለ ነገር ነው» ይላል። ግን ከወንዶች ጋር መጫወት ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከእሷ የሚፈጥን፣ በትከሻ የሚገፋ ተከላካይ ፊት ኳስ ይዛ የምትቆም ልጅ ቶሎ መወሰን ትማራለች። ካልወሰነች ኳሱን ትነጠቃለች። የአውሮፓ አካዳሚዎች ጎበዝ ታዳጊን ሆን ብለው ከዕድሜው በላይ ባለው ቡድን የሚያሰልፉት ይህንኑ ለማስተማር ነው። ዱራሜ ላይ ፊሽካና ኮን አልነበረም እንጂ ልምምዱ ነበር፤ ማንም «ልምምድ» ብሎ ስላልጠራው ብቻ ተፈጥሮ ተባለ።

ደግሞም የሀዋሳው ጉዞ አለ። ተፈጥሮ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ሎዛ ዱራሜ ላይ ቁጭ ብላ ሎዛን በሆነች ነበር። ያሳደጋት ከሳምንት ሳምንት የሚደረግ ውድድር፣ ከእሷ የሚበልጡ ጓደኞች፣ ስህተቷን አይቶ የሚናገር አሠልጣኝ ነው። እሷን የሚመስል እግር ይዘው ያ መንገድ ያልተከፈተላቸው የከምባታና የሀዲያ ሴት ልጆች ስንት ናቸው? ማንም አልቆጠራቸውም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ሌላው ጽንፍ መሮጥም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1993 አንደርስ ኤሪክሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎችን አጥንቶ፣ ምርጦቹ በ20 ዓመታቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ገደማ ብቻቸውን እንደ ተለማመዱ አሳየ። በ2008 ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል በመጽሐፉ ይህን ቁጥር «ሕግ» አደረገውና ዓለም ሁሉ 10,000 ሰዓት የሠራ ሁሉ ሊቅ የሚሆን መሰለው። ኤሪክሰን ራሱ አልተስማማም፤ ቁጥሩ አማካይ እንጂ የመግቢያ ትኬት አልነበረም። በ2014 ደግሞ ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ሲመዝኑ፣ በስፖርት ውስጥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የብቃት ልዩነት ሆን ተብሎ የሚደረግ ልምምድ የሚያብራራው 18 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

18 በመቶ ሲባል ቀሪው 82 በመቶ ተፈጥሮ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቀሪው ውስጥ ልጁ የጀመረበት ዕድሜ አለ፣ የሚበላው ምግብ አለ፣ ጉዳት አለ፣ የገጠመው አሠልጣኝ አለ፣ ዕድል አለ፤ ተፈጥሮም አለ።

የተፈጥሮን ድርሻ መካድም ልጆችን ማታለል ነው። ቁመት በልምምድ አይጨምርም። የአጭር ርቀት ፍጥነት ይሻሻላል፤ ሆኖም ዘገምተኛውን ነፋስ የሚያደርግ አሠልጣኝ እስካሁን አልተወለደም። ከዚህም የሚገርም አለ። ሄሪቴጅ በተባለው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ስፖርት የማይሠሩ ቤተሰቦች ለ20 ሳምንታት ተመሳሳይ ልምምድ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ የሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በጣም አደገ፤ ሌሎቹ ከነበሩበት ፈቀቅ አላሉም ማለት ይቻላል። በልምምዱ የሚያድጉትም የማያድጉትም በቤተሰብ በቤተሰብ የመሰባሰብ አዝማሚያ ነበራቸው። ልምምድን የመቀበል ችሎታው ራሱ በከፊል የሚወረስ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ልምምድ ወይስ ተፈጥሮ» የሚለው ጥያቄ አንድ ልጅ የአባቱ ነው ወይስ የእናቱ ብሎ እንደ መሟገት ይሆናል።

እግር ኳስ ግን የመቶ ሜትር ሩጫ አይደለም። በሩጫ አካል ብዙውን ይወስናል፤ በኳስ ዐይንና ጭንቅላት ይገባሉ። ጌር ዮርዴት የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የሚጫወቱ 118 ተጫዋቾችን በካሜራ ተከታትሎ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ስንት ጊዜ ዘወር ብለው ዙሪያቸውን እንደሚያዩ ቆጠረ። አብዝተው የሚቃኙት፣ ኳስ በእግራቸው ሲገባ ለወገን በትክክል በማቀበል በልጠው ተገኙ። ዣቪ ኤርናንዴዝ ፈጣንም ግዙፍም ሳይሆን የባርሴሎናን መሀል ሜዳ የገዛው በዚህ ልማድ ነው። ኳሱ ገና በመንገድ ሳለ ቀጣዩን ያውቀዋል። አንገት ማዞር ደግሞ ከማንም ደም አይወረስም። አሥር ዓመት ለሞላው ልጅ «ከመቀበልህ በፊት ከኋላህ ማን አለ?» እያሉ በየቀኑ መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ሰው ሠራሽ ሣርም፣ ከውጭ የመጣ ታኬታም አያሻም። የመጀመሪያ ንክኪም፣ በግራ እግር መምታትም፣ ለቴስታ በጊዜው መዝለልም እንዲሁ ናቸው። የሾኔ ልጅ አብዶ መሥራትና ሎጬ ማስገባት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የሚጎድለው አብዶው ካለቀ በኋላ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ከልምምድ ተለይቶ «ልምድ» የሚባለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ሁለቱን ቃላት አማርኛ ከአንድ ሥር ቢያወጣቸውም። ለዚህ ብሔራዊ ቡድኑን ማየት ይበቃል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያዋ ተጋጣሚ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው አዳነው፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ያም ሆኖ አሥሩ ልጆች በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጥር 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ካሜሩን ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጀምር ጨዋታው 12ኛው ደቂቃ ላይ ሳለ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ቀይ አየ፤ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው ጨዋታ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ በአስተናጋጇ ካሜሩን መረብ ላይ ኳስ አሳረፈ። አገር በእልልታ ተናጋ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ካሜሩን 4 ለ 1 አሸንፋ ነበር።

ሁለት የመክፈቻ ጨዋታዎች፣ ሁለት ቀይ ካርዶች። ይህ የተፈጥሮ ጉድለት ሊሆን ይችላል? እነዚያ ተጫዋቾች ከአገሪቱ ሁሉ ተመርጠው የተገኙ «ኳስ የሚችሉ» ነበሩ። ያልነበራቸው በየሁለት ዓመቱ እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ መቆም ነው፤ የግብፅ ወይም የካሜሩን ተጫዋች ያን ጭንቀት ከታዳጊ ቡድን ጀምሮ ደጋግሞ ቀምሶታል። አራት ቡድኖች ብቻ በተሳተፉበት በ1954ቱ የአዲስ አበባ ውድድር ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታው የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን ዋንጫውን ያነሣው ቀደም ባሉት ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎችም ተሳትፎ ነበር። የዚያ ቡድን ኮከቦች ሉቺያኖ ቫሳሎም ሆነ መንግሥቱ ወርቁ ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም።

የተፈጥሮ ወገን አሁንም አንድ ጠንካራ ክርክር ይቀረዋል፤ «ሊቅ ሆኖ የተወለደ ልጅ በትክክለኛው ቦታ ቢገኝስ?» የሚል። ለዚህ ጌድዮን ዘላለም አለ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ተወለደ፣ አሜሪካ አደገ፣ አርሰናል ገና በልጅነቱ ወሰደው። አርሴን ቬንገር ክለቡን ከያዘ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮቨንትሪ ላይ ሲገባ 17 ዓመት አልሞላውም ነበር። ጋዜጦች ስሙን ከታላላቆቹ አማካዮች ተርታ አስቀመጡት። ከዚያ በስኮትላንዱ ሬንጀርስ የውሰት ጊዜ መጣ፣ በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፣ በኋላም የአሜሪካ ሊግ ተከተለ። ተፈጥሮም አካዳሚም አልጎደለበትም። ጉልበት ተጎዳ፣ መደበኛ ጨዋታ ታጣ፤ በ17 ዓመት የተነገረለት ነገር ሳይፈጸም ቀረ።

ከእሱ በተቃራኒ ጄሚ ቫርዲ አለ። ሼፊልድ ዌንስደይ በ16 ዓመቱ አሰናበተው። በዝቅተኛ ሊግ እየተጫወተ ፋብሪካ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ሲሠራ ቆየ፤ ፕሪምየር ሊግ የገባው በ27 ዓመቱ ነው። በ2015/16 ከሌስተር ጋር ሻምፒዮን ሲሆን 24 ግብ አገባ፣ በ33 ዓመቱ ደግሞ በ23 ግብ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ፍጥነቱ ከልጅነቱ የነበረ ነው፤ በ16 ዓመቱ ያልነበረው ፍጥነቱን መቼ እንደሚጠቀም ማወቁ ነው። እሱን ያሰናበቱት ሰዎች በዚያ ቀን ያዩት ቁመቱን ነበር።

በዚህ አካባቢ ሌላ ወሬ አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ በስፖርት ስብሰባ ላይ ግን ብዙ አይነሣም። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ከሆሳዕናም፣ ከሾኔም፣ ከየገጠሩም። አንድ የሠፈር ቡድን ሁለትና ሦስት ዓመት አብሮ ከተጫወተ በኋላ አሰላለፉ በየወሩ እየሳሳ ይሄዳል። ቀሪዎቹ እየተጫወቱ ልባቸው በድንበሯ ሞያሌ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በማግስቱ ዓመት የወሰደው የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ነው። ወደ አንድ አገር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ አንዱ በአውሮፕላንና በፊርማ፣ ሁለተኛው በሞያሌ በኩል። የሾኔ ልጅ ሁለተኛውን ብቻ ነው ቅርብ ሆኖ የሚያየው። አቡበከርም ከደረሰ በኋላ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አርቆታል፤ መንገዱ ቀላል ነው ብሎ ማንም አይዋሽ።

ቅርብ ሆኖ ማየት ሲባል የሀዲያ ሆሳዕና ነገር ይነሣል። ክለቡ በ2008 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፣ በ2012 ተመለሰ። ከ2013 ጀምሮ ግን ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ የሚካሄድ ሆነ። የቴሌቪዥን ገንዘብ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም የሆሳዕናው አቢዮ አርሳሞ ስታዲየም ጎረቤት የሆነ ልጅ የከተማውን ክለብ የሚያየው በስክሪን ሆነ። ስክሪን ኳሱ ያለበትን ብቻ ያሳያል፤ ኳስ የሌለው ተከላካይ ምን እንደሚያደርግ፣ አማካዩ አንገቱን ስንት ጊዜ እንደሚያዞር የሚታየው ከሜዳው ዳር ሲቆሙ ነው። የቅርብ ክለብ የሚሰጠው ነገር ብዙ ነው፤ የሶዶው ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ዛማሌክን ያህል ክለብ በፍጹም ቅጣት ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያስወጣ የሶዶ ልጆች ያገኙት መተማመን በስልጠና ወረቀት የሚጻፍ አይደለም።

የዕድሜ ጉዳይ ደግሞ ሳይነካ አይታለፍም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው በከንቱ አይደለም። በአውሮፓ እንኳ፣ ልደት በትክክል በሚመዘገብበት፣ በአካዳሚዎች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱ ልጆች በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት በቁጥር በብዙ ይበልጣሉ። ተፈጥሮ ጥር ላይ ለጋስ፣ ታኅሣሥ ላይ ንፉግ ሆና አይደለም፤ በአሥራ አንድ ወር የሚበልጠው ልጅ ከበድ ስለሚል መልማዩ ክብደቱን «ተሰጥኦ» ብሎ ስለሚጽፈው ነው። የልደት ወረቀት በግምት በሚሞላበት አገር ስህተቱ በወር ሳይሆን በዓመት ይቆጠራል። ያኔ የሚቀረው የ13 ዓመቱ ቀጭን ልጅ ነው፤ ምናልባት አንገቱን የሚያዞረው እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ተፈጥሮ አለ፤ ልጅን ከልጅ ይለያል፤ ጣሪያም ያበጃል። የሾኔ፣ የዱራሜና የሆሳዕና ልጆች ግን ጣሪያቸው የት እንዳለ ገና አላወቁም፣ የሚያሳያቸው በቂ ጨዋታ አላገኙምና። ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ በየሳምንቱ የሚደረግ፣ ውጤቱ የሚመዘገብ፣ ሴቶች ልጆችም የሚሰለፉበት ውድድር በሌለበት ስለ ተፈጥሮ መፍረድ ፈተና ሳይሰጡ ተማሪ እንደ መጣል ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይለመናል። ከመካከላችሁ የታዳጊ ፕሮጀክት የያዘ ወይም የትምህርት ቤት ቡድን የሚያሠለጥን ካለ፣ ባለፈው ምልመላ የቀሩትን ልጆች ስም ዝርዝር ያውጣና ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይጥራቸው። ዝርዝር ካልተያዘ፣ ከሚቀጥለው ምልመላ ጀምሮ የቀሩትም ስም ከነልደት ዘመናቸው ይጻፍ።